ሁለተኛው ደም

ምች ነው ብዬ ነበር። ምን ልበል ታዲያ? ወሩ ኅዳር፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ፣ እኔ ከማለዳ ጀምሬ ሩዝ ማሳ ውስጥ አጎንብሼ። ድንገት ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ግራ ክንዴ ዛለብኝ፤ ወደ ላይ ወደ ላይ አለኝ። ይህን ምልክት ፎገራ ላይ ለማንም ብትነግሩት ምች ነው ይላችኋል። ፀሐይ የመታው ሰው የሚይዘው፣ ዳማከሴ ተጨምቆ ሲጠጣ የሚለቅ የአገር በሽታ ነው። ችግሩ እኔ ማንም አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወረታ ውስጥ ሳይንስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ልብን በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እየሣልሁ፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያልመለሰልኝን ልጅ ጆሮ ስቆነጥጥ የኖርሁ መምህር ነኝ። የራሴ ልብ ሲጣራ ግን ያልሁት አንድ ነገር ነው፤ "ዳማከሴ አምጡልኝ!"

የእብሪቴም ጥፋት አለበት። ያን ቀን ወንፈሉ የእኔ ተራ ነበር። በወንፈል ዛሬ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ የእኔን ሩዝ ያጭድልኛል፤ በሌላ ቀን እኔ ሄጄ የእነሱን አጭዳለሁ። ባለማሳው በዚያ ቀን ከፊት ካልታየ ስም ይወጣለታል። ለእኔ ደግሞ ድሮ ወጥቶልኛል። ገበሬዎቹ "መምህሩ ማጭዱን እንደ ጠመኔ ነው የሚይዘው" ይሉኛል። እንግዲያው አሳያቸዋለሁ አልሁ። አሳየኋቸዋ! ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ፣ ከጎረምሳ ጋር እልህ ተጋባሁ፣ ወገቤ ሲጮህ እንዳልሰማ ሆንሁ። ነዶው ላይ ተደፍቼ ሲያገኙኝ እንኳ ማጭዱን አልለቀቅሁም አሉ። ይህንን እንደ ጀግንነት ብዙ ሰው ፊት አውርቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ለሩዝ ሊሞት የነበረ ሽማግሌ ወሬ ነው።

ባለቤቴ ለአጫጆቹ ጠላና የጾም ወጥ ይዛ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ማሰሮውን አስቀምጣ አየችኝ። "ፊትህ አመድ ሆኗል" አለች። ዳማከሴውን በመዳፏ አሽታ ጨመቀችልኝ፤ ጠጣሁት፤ መልሼ አስታወክሁት።

"ምች ቢሆን እኮ ይለቅህ ነበር።"

"ገና አልሠራም፤ ታገሺ እንጂ! ካልሆነም ነገ ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውሃው ውስጥ እነከራለሁ፤ ጸጥ ይላል።"

እሷ ከእኔ ጋር ክርክር ምን እንደሚመስል ስለምታውቅ ባጃጅ አስጠራች። ሰዎቹ አንሥተው ጫኑኝ። ባጃጁ ሲንቀሳቀስ አንገቴን አውጥቼ "አንድ ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ፤ ያን ዳር እንዳትነኩት፣ እኔ ነኝ የማጭደው!" እያልሁ እጮህ ነበር። ወንፈል ትቶ መሄድ ያሳፈረኝን ያህል ደረቴ አላመመኝም ብል አታምኑኝም፤ ግን እውነት ነው።

ወረታ ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ለእኔ ልጅ ማለት ናት። ደረቴ ላይ ሽቦ በሽቦ አድርገው የልቤን ምት በወረቀት አወጡ፤ አስፕሪን አስቆረጠሙኝ፤ ደም ወሰዱ። ወረቀቱ ያጠራጥራል አለች። የደሙ ውጤት ሲመጣ ግን ንጹሕ ነው። ይህችን "ንጹሕ" የምትል ቃል ስሰማ ልጅነቴ ተመለሰ። ደረቴም ረገብ ያለ መሰለኝ። ተነሥቼ ጫማዬን ማሰር ጀመርሁ።

"አባቴ፣ ወዴት ነው?" አለች ሐኪሟ።

"ወደ ማሳዬ ነዋ! ልቤ ንጹሕ ነው አላልሽም?"

"ልብዎ ነው አላልሁም፤ የመጀመሪያው ደም ነው ያልሁት።" አጠገቤ ቁጭ አለች። "ይኸውልዎ አባቴ፣ ትሮፖኒን የሚባል ነገር አለ። የሚኖረው በልብ ጡንቻ ውስጥ ነው። ጡንቻው ደም አጥቶ መሞት ሲጀምር እሱ ወደ ደም ይፈስሳል። ግን ወዲያው አይታይም፤ ሰዓታት ይፈልጋል። እርስዎ ቶሎ ስለመጡ ገና አልደረሰ ይሆናል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግመን እንወስዳለን። ሁለተኛው ደም ነው የሚነግረን።"

በዕድሜዬ አንድ ቀን በጊዜ ብደርስ ደግሞ ቶሎ መጣህ ተባልሁ። ደሜ ፈላ።

"ልጄ" አልኋት፣ ያችን ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ የማደርግባትን ድምፅ አውጥቼ፤ "ደም አይዋሽም!"

"አይዋሽም፤ ግን ይዘገያል" አለች። አልተቆጣችም፤ ይህ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። እስከዚያ እንድቆይ ለመነችኝ፣ በግድ እንደማትይዘኝ ነገረችኝና ሌላ በሽተኛ ስለተጣራ ወጣች።

ቀጥሎ ባለቤቴ ቀረበች። "ስሞትልህ ተኛ" አለች። አልሰማሁም። "በልጆችህ ይዤሃለሁ" አለች። ልጆቹን ተዪአቸው አልኋት። "ሩዙ ገደል ይግባ!" አለች። ይህንን ስትል ለሰው ያልተናገርሁትን ሁሉ ተናገርኋት። ሩዝ ያስተማራቸውን ልጆች፣ ሩዝ ያቆመውን ቤት፣ ሩዝ ያለበሳትን ቀሚስ ቆጠርሁላት። ያ ሁሉ ሰው እየበላ እየጠጣ ለእኔ ሲያጭድ እኔ አልጋ ላይ ተንጋልዬ፣ ለዚያውም ንጹሕ ነህ ተብዬ! ሰው ምን ይለኛል?

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወጣች። ሁለተኛውን ጫማ አስሬ ስጨርስ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

"አባ ገዝተውሃል" አለች።

አባ ማለት የንስሐ አባታችን ናቸው። "'ሁለተኛው ደም ታይቶ ሐኪሟ በአፏ ሂድ ሳትለው ከዚያ አልጋ ቢነሣ በእግዚአብሔር ቃል ግዝት ነው' ብለውሃል።"

እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ለማያውቀኝ ልንገር። ዳኛ ፊት ቆሜ ከዳኛው ጋር ተጯጩኼአለሁ። ከቀበሌ ሊቀ መንበር ጋር ተናንቄ ሰው ገላግሎናል። ርእሰ መምህር ሲመጣ የሚቀየር እንጂ እኔን የሚያዝዝ አልነበረም። ግዝት ሲባል ግን እንደ በግ እነዳለሁ። ቄስ "ገዝቼሃለሁ" ካለ አለቀ፤ ያን አፍርሶ የሚተኛ፣ የሚበላ፣ የሚስቅ ሰው አይገባኝም። ስለ መሬት ስበት ያስተማረው ጭንቅላቴ እዚህ ላይ ሲደርስ የአያቶቼ ጭንቅላት ነው።

"ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ ላነጋግራቸው!"

"ኔትወርኩ ሄደ" አለች። ወረታ ላይ ይህ የማይታመን ነገር አይደለም።

ጫማዬን ፈታሁ። ተኛሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። አባን በልቤ ረገምኋቸውና ደግሞ ቄስ መርገም ምን እንደሚያመጣ ትዝ ሲለኝ ቶሎ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሷ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ሳብ አድርጋ እግሬ ሥር ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ሽንቴ መጣ። ዕቃ አመጡልኝ። ሴት ልጅ ያመጣችውን ዕቃ አልጋ ላይ ሆኜ? ሞቼ ነው ቆሜ! ቻልሁት፣ ቻልሁት፣ አልቻልሁትም። ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ሹልክ ብዬ ወርጄ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄጄ፣ ደረቴ እየተወጋ ተመለስሁ። ማንም አላየኝም። እግዚአብሔር ግን አየኝ አልሁ። አልጋው ላይ ስወጣ ያላበኝ ከሕመሙ ይሁን ከኃጢአቱ እስካሁን አላውቅም።

ተኝቼ ሳስብ የሐኪሟ ነገር ቀስ ብሎ ገባኝ። እኛ እዚህ ሜዳው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጉና ተራራ ላይ ይዘንባል። ውሃው በርብና በጉማራ ወንዞች ወርዶ እኛን የሚያጥለቀልቀን ቆይቶ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር "ሰማዩን አትዩ፣ ጉናን እዩ፤ ከብቱን አውጡ" እያልሁ ጎረቤቱን የምነዘንዝ እኔ ነኝ። ይኸው እንግዲህ፣ ጉና ዘንቦ እኔ በጥርት ሰማይ ጫማ አስራለሁ። አፈርሁ፤ ግን ለማንም አልተናገርሁም።

ሁለተኛው ደም ተወሰደ። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ፈጠን ፈጠን ትላለች። ትሮፖኒኑ ወጥቷል። "ልብዎ ነው አባቴ" አለችኝ። መርፌ ወጉኝ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አልጋ አዛወሩኝ፣ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ሰደዱኝ። በመንገድ ላይ ማሳዬን በመስኮት ለማየት ቀና ስል ባለቤቴ ግንባሬን ይዛ መልሳ አስተኛችኝ።

ባሕር ዳር በደረስን ምሽት ልቤ ምቱ ተዘበራረቀና ጠፋሁ። እኔ የማውቀው ነገር የለም። በኤሌክትሪክ መትተው መለሱኝ አሉ። ስነቃ ደረቴ የተገረፈ ያህል ያመኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ጥግ ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። የእዚያው ሐኪም በማግስቱ በግልጽ ነገረኝ። "ይህ ቤትዎ ወይም እርሻ ላይ ቢሆን ኖሮ አንነጋገርም ነበር" አለ። ማሳዬን አሰብሁት። አጫጆቹ ሄደው፣ ጀንበር ጠልቃ፣ እኔ ለብቻዬ ያችን የተረፈች ዳር ሳጭድ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ከበሽታው ይልቅ ጫማዬን ፈራሁ፤ ሁለቱንም አስሬ ነበር እኮ።

ፍርሃቱ ብዙ አልቆየም፤ እኔ ነኝና ወደ ፉክክር ዞርሁ። ደሜን በወሰዱ ቁጥር "ስንት ሆነ?" እላለሁ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ በጣም ከፍ አለ። አጠገቤ ከተኛው ሰው የእኔ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። እንደ ክፍል አንደኛ ደስ አለኝ ብል ምን ትሉኛላችሁ? ሊጠይቁኝ ለመጡ ሁሉ "የእኔን ያህል የወጣ የለም" እያልሁ አወራ ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ሰምቶኝ ሳቀና "አባት፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሞተው የልብ ጡንቻ ብዙ ነው ማለት ነው" አለኝ። የምኮራው በሞተው ሥጋዬ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ዝቅ ይበል ብዬ መጸለይ ጀመርሁ። እሱም ቀስ እያለ ወረደ። ቶሎ ግን አይጠፋም፤ ጎርፍ ከሄደ በኋላ ልኩ ግድግዳ ላይ እንደሚቀር፣ ከሳምንት በላይ ቆይቶም ጥቂቱ ደም ውስጥ ይገኛል አሉኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቶ ጠበቀኝ። ያችን ዳር እንኳ አልተዉልኝም። ያለ እኔ እንዲያውም ቶሎ አለቀ አሉ፤ የሚጯጯህባቸው ሰው አልነበረማ። ጠያቂው በየቀኑ ይመጣል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር ይለኛል፤ አንዱ ወንዛዬ ይለኛል። ፍል ውሃ ለጊዜው ተከልክያለሁ ስላቸው "አይ ሐኪም!" ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም አብሬ እነቀንቃለሁ።

በዚህ መሐል አንድ ነገር አየሁ። ባለቤቴ በየማለዳው ከቤቱ ጓሮ ትሄዳለች። በመስኮት ሳያት ትሰግዳለች። የሩዝ ገለባ አንጥፋ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። ጉልበቷ ደግሞ ድሮም ደህና አይደለም፤ ስትነሣ መሬቱን በእጇ ተመርኩዛ፣ አቃስታ ነው። ልቤ ተነካ። ይህን ያህል ትወደኝ ኖሯል! ስለዳንሁላት ምስጋና ነው ብዬ አልጠራጠርሁም። ለጠያቂዎቼም ተናገርሁ፤ "ለእኔ ስትል እኮ ነው፤ ጉልበቷ እስኪላጥ!" አልሁ። እሷ ሰምታኝ ወደ ማድቤት ገባች።

እኔን የሚበላኝ ግን ሌላ ነበር፤ ያች ሽንት። ግዝት አፍርሻለሁ። በጥቂት እርምጃም ቢሆን አፍርሻለሁ። ልቤ በባሕር ዳር የተዘበራረቀው በዚያ ቅጣት ቢሆንስ? ሳይንስ መምህር ነኝ ብያችኋለሁ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቀስ እያልህ መራመድ ትችላለህ ስባል መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባን ከዛፉ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምሁ።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ምን አጠፋህ ልጄ?"

"ግዝትዎን አፍርሻለሁ" አልሁና የአልጋውን፣ የዕቃውን፣ የግድግዳውን ነገር እየተንተባተብሁ ተናገርሁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"የምን ግዝት?" አሉኝ።

"በስልክ የገዘቱኝን ነዋ! የታመምሁ ቀን።"

"የትኛው ቀን?"

"የወንፈሉ ቀን፣ ኅዳር ላይ። ከቀትር በኋላ።"

"ጾመ ነቢያት ገብቶ አልነበረም?" አሉ። "በጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ መሆኑ ጠፋህ? በዚያ ሰዓት እኔ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነኝ። ስልክ የሚባል ነገር ይዤም አልገባ። እኔ አንተን አልገዘትሁህም፣ ልጄ…"

እዚህ ላይ አንዳች ነገር ትዝ እንዳላቸው ድንገት አቆሙ። ዐይናቸውን ከእኔ አነሡ። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ" አሉ። የንስሐ አባት አትጠይቀኝ ካለ፣ ነገሩን በንስሐ ሰምቶታል ማለት ነው። የማን ንስሐ እንደሆነ ደግሞ ለመገመት ትምህርት አያስፈልግም።

"ለሽንትህ እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው አሰናበቱኝ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልዋሽም። አታለለችኝ! እኔን! ያን ሁሉ ዘመን ተማሪ ሊያታልለኝ ያልቻለ ሰው፣ በኔትወርክ! መንገዱ ላይ ለብቻዬ ጮህሁ፤ አንዲት ላም ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ስራመድ ደከመኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ያታለለችኝ ማን እንደሆነች ትዝ አለኝ።

ይህች ሴት ከይፋግ ገበያ የሰው ማሰሮ በስሕተት ይዛ ብትመጣ፣ በማግስቱ ሥራዋን ፈትታ ባለቤቱን ፈልጋ የመለሰች ናት። በቀልድ እንኳ ሲዋሽ ስትሰማ "ተው" የምትል ናት። እኔ ግዝትን የምፈራው እንደ ፈሪ ነው፤ እሷ የምትፈራው ግን እንደሚያምን ሰው ነው። የእግዚአብሔርን ቃል በቄስ ስም በሐሰት መናገር ለእሷ ነፍሷን ማስያዝ ነው። ይህን እያወቀች፣ ጫማዬን አስሬ እስክጨርስ፣ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ ቆማ ተመልሳ ነገረችኝ። እግሬ ሥር ተቀምጣ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ለእኔ ማረው ስትል ይሆናል፤ ለራሷም ማረኝ ስትል ይሆናል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኮሳትሬ ነበር። የጓሮው ስግደት ምስጋና አይደለም። አባ የሰጧት ቀኖና ነው፤ በእኔ ምክንያት ለሠራችው ኃጢአት የምትከፍለው። እኔ ደግሞ ለጠያቂ ሁሉ ጉራ ነፋሁበት።

ቤት ስደርስ ጓሮ ነበረች። ገለባው ላይ ወድቃለች። ብዙ የምላት ነገር በመንገድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳያት ሁሉም ጠፋኝ።

"አባ ፈቱኝ" አልኋት።

ግንባሯ መሬት ላይ እንዳለ የት ሄጄ ምን ሰምቼ እንደመጣሁ ገብቷታል። ከዚያ በክንዷ ተመርኩዛ ቀና አለች፤ ግንባሯ ላይ የገለባ ፍርፋሪ ተጣብቋል።

"እሰይ" አለች። "እኔን ገና ናቸው።"

ለመነሣት ጉልበቷን ስትይዝ እጄን ዘረጋሁላት። "ቀስ በል፣ ልብህን" አለችኝ፣ እጄን ይዛ ተነሣች፤ ለቀቀችኝና ለስግደቷ እንደገና ወደቀች።